ሀገር ፍቅር፦ ለዘፋኙና ለተዋናዩ ቤት የሆነ ማኅበር

ሀገር ፍቅር ሲባል ብዙ ሰው ፒያሳ ያለው ቲያትር ቤት ነው የሚታየው። ስሙ ግን መጀመሪያ የማኅበር ስም ነበር። «የኢትዮጵያ የሀገር ፍቅር ማኅበር» ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሐሳቡ ቲያትር ማሳየት አልነበረም። ጦርነት እየመጣ ነበር። ሕዝቡን መቀስቀስ ያስፈልጋል። ቲያትሩም፣ ዘፈኑም፣ ኋላ የመጡት ታላላቅ ከያንያንም ከዚያ ጭንቀት የተወለዱ ናቸው።

ዛሬ ሀገር ፍቅር ከአፍሪካ ቀደምት ሀገር በቀል ቲያትር ቤቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ሌሎች ቲያትር ቤቶች ከተሠሩ በኋላም «አንጋፋው» የሚለው ቅጽል ከሱ አልተነጠቀም። እኔ ግን ከዕድሜው ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። አዝማሪ ሲባል ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት የሚዞር ሰው በሚታሰብበት አገር፣ ይህ ማኅበር ለዘፋኝና ለተዋናይ ቋሚ ቤት ሰጠ።

ወደ መነሻው እንመለስ። ኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ። ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሩን ማከማቸት ጀመረ። ጋዜጣ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ራዲዮ ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ወሬውም፣ ቁጣውም፣ ተስፋውም በአፍ ነው የሚሄደው። በዚህ ጊዜ መኰንን ሀብተ ወልድ ማኅበሩን አቋቋሙ። መኰንን ኋላ በሚኒስትርነት ያገለገሉ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ታላቅ ወንድም ናቸው። ማኅበሩ ሕዝብ ይሰበስባል፣ ተናጋሪዎች ስለ ነጻነት ይናገራሉ፣ በየመሀሉ አዝማሪ ይገባል። ሽለላው፣ ፉከራውና ቀረርቶው ድሮም የጦርነት ጥበብ ነው፤ እንደ አዲስ ማስተማር አላስፈለገም። ማሲንቆ የያዘ ሰው በሁለት ስንኝ የሚያደርሰውን መልእክት ረጅም ንግግር አያደርሰውም።

ቲያትር የሚባለው ነገር ራሱ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት አሳይተው ነበር። ሥራው በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ ሹማምንትን ስለሚነካ ታገደ። ከዚያ በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤና ሌሎች በተማሪ ቤት ልጆች እያሠሩ መድረኩን ሕያው አድርገው አቆዩት። ሀገር ፍቅር ሲመጣ ታዲያ ከኋላው ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ ለዘመናት የቆየው የአዝማሪ ጥበብ ነው። ሌላው ገና ድክ ድክ የሚለው ተውኔት። ሁለቱን አንድ ላይ ማቆሙ የቤቱ ጠባይ ሆኖ ቀረ። እስከ ረጅም ጊዜ ድረስ በአንድ ምሽት ዘፈኑም፣ ውዝዋዜውም፣ አጭር ተውኔቱም አብሮ ይቀርብ ነበር።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ማኅበሩም ተበተነ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተፈጸመውን ደግሞ እዚህ ላይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ግራዚያኒ በቦምብ ከቆሰለ በኋላ ጠንቋዮችና ዘዋሪ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዝማሪው ከመንደር መንደር ሲሄድ «ጣሊያን ይወጣል» የሚለውን ወሬ ይዞ ይሄዳል። የቅኝ ገዢው ጦር ማሲንቆን እንደ መሣሪያ ነበር የቆጠረው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተደራጀ። አሁን የሚያባርረው ጠላት የለም፤ ሥራው ሌላ ሆነ። የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን አቋቋመ፣ ተውኔት ማሳየት ጀመረ፣ ወደ ክፍለ ሀገር እየወጣ ማሳየትም ያዘ። እነዚህን ጉዞዎች ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። የአዲስ አበባን መድረክ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ፣ ክራርና ማሲንቆ የያዙ፣ ወግ ያለው ልብስ የለበሱ ሰዎች ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ መጥተው ሲያየው፣ «ይሄም ሥራ ነው ለካ!» ይላል።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ጥላሁን ገሠሠ ነው። ጥላሁን ወሊሶ አያቱ ዘንድ ያድግ ነበር፤ የሚማረውም በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። የሀገር ፍቅር ከያንያን ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ከመጡት መካከል ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ይገኙበታል። ልጁ ኢዮኤልን አነጋገረው። ዘፈን ከፈለግህ አዲስ አበባ ና የሚል ምክር አገኘ። ጥላሁን ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። ቱሉ ቦሎ ላይ ተያዘና ወሊሶ ተመለሰ። ቤት ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ዕቃ የጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። መጀመሪያ የቀጠረውም ሀገር ፍቅር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ነው ያለቀሰው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ጥላሁን ፍላጎት ማሳያ አድርገን ነው የምናወራው። ለእኔ ግን የአያቱም ነገር እኩል ይናገራል። አያቱ ክፉ ስለሆኑ አይደለም የመለሱት። ልጅ ተምሮ ጸሐፊ ወይም መምህር ይሆናል እንጂ አዝማሪ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ያን ጊዜ አልነበረም። «አዝማሪ» ስድብም ነበር። ማኅበሩ ይህን አመለካከት ባንድ ጀንበር አልለወጠውም። ግን ዘፋኙ ተቀጣሪ ሆነ። የሥራ ሰዓት አለው። አለቃ አለው። ደሞዝ አለው። ወር ሲደርስ ደሞዝ የሚቀበልን ሰው ጎረቤት በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ኢዮኤል ዮሐንስን ዛሬ ብዙ ወጣት አያውቀውም፤ ያሳዝናል። ተውኔት ይደርሳል፣ የዘፈን ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ይሰጣል። ሀገር ፍቅር ከያኒን ያሳደገው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው ገና በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ለነበረው ትውልድ ትምህርት ቤቱ ራሱ መድረኩ ነበር። አዲስ የገባው ልጅ ነባሮቹን እያየ ይማራል። ዘፋኝ ሆኖ ተቀጥሮ ሰው ሲጎድል ተውኔት ውስጥ ይገባል። ተዋናዩ ውዝዋዜ ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ ሴት ሆነው የሚተውኑት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር። ያንን አጥር ሰብረው የወጡት ሴቶች የከፈሉት ዋጋ ገና በቅጡ አልተጻፈም።

ከዚያ ቤት የወጡትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ቦታ አይበቃኝም። ፍሬው ኃይሉ ሥራውን እዚያ ጀምሯል። አስቴር አወቀም እንዲሁ። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር ገና ወጣት ሳለች በሀገር ፍቅር መድረክ ዘፍናለች። ኋላ አሜሪካ ሄዳ ድምፅዋ ዓለምን ሲያዞር፣ መነሻው ያ የፒያሳ መድረክ ነበር። በተውኔት በኩል ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅንና የተስፋዬ ገሠሠ ስም ከቤቱ ጋር ይነሣል። ከሀገርኛ ተውኔቶች ሌላ የሼክስፒር፣ የሞሊየር፣ የሺለርና የኢብሰን ሥራዎች ወደ አማርኛ ተመልሰው እዚያ ታይተዋል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ሕንፃው ቲያትር ቤት ሆኖ አልተሠራም። ናይት ክለብ ነበር። ኋላ ወደ ቲያትር ተለወጠ። ይህን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሲገባ ግራ ይገባዋል። ቅርጹ ከተለመደው የቲያትር አዳራሽ የተለየ ነው። በመድረኩና በመቀመጫዎቹ መካከል የድሮው መደነሻ ወለል አለ። ወደ ፎቁ መቀመጫ የሚያስወጣው ደረጃ ደግሞ ከውጭ አይደለም፤ በአዳራሹ ጎን፣ በውስጥ በኩል ነው የሚወጣው። ፎቅ የሚቀመጥ ሰው ሲወጣም ሲወርድም ሌላው ተመልካች ያየዋል። ለቲያትር ቤት ይህ ጉድለት ነው ይባል ይሆናል። ተዋናይና ተመልካች በአንድ ክፍል የተቀመጡ የሚመስሉበት ቤት ግን የራሱ ሙቀት አለው። ከተማዋ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ትልቁን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቲያትር፣ ካገኘች በኋላም ሀገር ፍቅር ባለበት ቀጠለ።

ግቢው ተዳፋት ላይ ነው። በተዳፋቱ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተሠሩ ሦስት ጎጆ ቤቶች አሉ። ለልምምድም ለትርኢትም ያገለግላሉ። የጎጆው ነገር ደስ ይለኛል። ክብ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ ጀርባ የሚሰጡት ሰው የለም። ከበሮው መሀል ይሆናል፤ ተወዛዋዦቹ ይዞሩታል። የገጠሩም ጭፈራ የሚሞቀው እንዲያ በክብ ነው።

ስለ ማኅበሩ መልካሙን ብቻ ማውራት ግን ታሪኩን ማጉደል ነው። በ1940 ዓ.ም. አካባቢ በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ የሙዚቃ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሐሳቡ ሙዚቃውን መጠበቅ ነበር ሊባል ይችላል። በተግባር ግን በሩን ዘጋ። የአዲስ አበባ ምሽት በአዳዲስ ዜማ ሲናወጥ፣ በሸክላ የሚቀረው ጥቂት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ተጋፍቶ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያሳተመው ሕንድ ልኮ ነው። ከዓለማየሁ እሸቴ ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ ከሚሰማው ሙዚቃ ብዙው የተረፈው በሱና እሱን በተከተሉት ነው። ከያኒውን ቤት ያስገባው ማኅበር፣ የከያኒውን ድምፅ ከቤት እንዳይወጣ የያዘበት ጊዜም ነበር ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የመሥራቹም መጨረሻ አሳዛኝ ነው። መኰንን ሀብተ ወልድ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ ናቸው። ግልበጣውን የመራው የክቡር ዘበኛ አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ደግሞ ያን ጊዜ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ነበር። እሱም ከግልበጣው ጋር በተያያዘ ታሰረ። አንዱ ቤቱን የሠሩ፣ ሌላው ከቤቱ የወጣ፤ ያው ታኅሣሥ ሁለቱንም ነካቸው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቤቱ የመንግሥት ተቋም ሆነ፤ መድረኩም የዘመኑን መፈክር መሸከም ነበረበት። ዛሬ የሚተዳደረው በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። ተዋናዮቹና ሙዚቀኞቹ ደሞዝተኞች ናቸው፤ ድርሰት በግምገማ ያልፋል፤ አንድ ተውኔት ከሳምንቱ አንድ ቀን ተሰጥቶት ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይታያል። ይህ አሠራር ተዋናይን ከረሃብ ያድናል። በሌላ በኩል ጎበዙንም ሰነፉንም በአንድ የደሞዝ መሰላል ላይ ያስቀምጣል። በቴሌቪዥን ድራማና በፊልም የተሻለ የሚከፈለው ወጣት መድረኩን ትቶ ቢሄድ አይፈረድበትም። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ መድረክ የቀመሰ ሰው ካሜራ ብቻውን አያጠግበውም።

ፒያሳም ተለውጣለች። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። የሀገር ፍቅር ደንበኛ ድሮ ከቡና በኋላ ነጠላውን አደግድጎ በእግሩ የሚመጣ የሰፈር ሰው ነበር። አሁን ብዙው ከከተማ ዳር፣ ከኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ነው መምጣት ያለበት። ታክሲ ሁለት ሦስቴ ይቀይራል፤ ሲመሽ ደግሞ መመለሻው ያሳስበዋል። ለቲያትር ቤቱ ይህ ከትኬት ዋጋ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ነው። ማኅበሩ አንድ ጊዜ ወሊሶ ድረስ ሄዶ አንድ ልጅ አግኝቷል። ዛሬ ከፒያሳ እስከ አያትና እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ፣ ያን ጊዜ እስከ ወሊሶ ከነበረው አይረዝምም።