ስዊንግ ምንድን ነው? ስኮርታ ጎማ ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቪዲዮ ላከልኝ። ተንታኙ በአማርኛ ስለ ብሮድዌይ፣ ስለ ኒውዮርኩ የትልልቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር፣ ያወራል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስለዚህ ሙያ በቋንቋችን የሚያወራ ሰው አይበዛማ! ከዚያ ስዊንግ የሚባሉትን ተዋንያን አነሳና ስኮርታ ጎማ ናቸው ብሎ አረፈው። ዋናው ጎማ ሲተነፍስ ይገጠማሉ፣ እስከዚያው መኪናው ኋላ ተኝተው አቧራ ይጠጣሉ። ስልኬን አስቀምጬ ቡናዬን ጨረስኩ። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

እኔ ኒውዮርክ ውስጥ ከመድረክ ጀርባ ተዋንያን አለብሳለሁ። ድሬሰር ይሉናል። ይህችን የስኮርታ ነገር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስሰማት ዓመታት አልፈዋል። ሁልጊዜ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ አልቻልኩም።

ብሮድዌይ ምንድን ነው የሚለው ውስጥ አልገባም። በሳምንት 8 ትርኢት እንዳለ ብቻ ያዙልኝ። ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፣ እግሩ ይዞርበታል፣ ልጁ ይታመምበታል፣ እህቱን ይድራል። ትኬቱ ግን ተሽጧል። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞሉ ሰዎች ከመጀመሪያው አብረው ይቀጠራሉ። ችግሩ እነዚህን ሰዎች ሁሉ «ተጠባባቂ» ብሎ በአንድ ጆንያ መክተት ነው።

አንደርስተዲ የሚባለው በየምሽቱ የራሱ ቦታ አለው። ከአጃቢዎቹ ጋር ይጨፍራል ወይም ትንሽ ሚና ይጫወታል፤ በላዩ ላይ የአንድ ትልቅ ሚና ንግግርና ዜማ አጥንቶ ይዟል። ስታንድባይ ደግሞ ትርኢቱ ውስጥ የለም። አንድ ወይም ሁለት ዋና ሚና ይዞ፣ ሲጠራ ቶሎ የሚደርስበት ቦታ ይቆያል። ኦልተርኔት የሚሉት ቀኑ የታወቀ ነው፤ ከሳምንቱ ትርኢቶች የተወሰነው የሱ ነው። «ሃሚልተን» በተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ የሊን-ማኑኤል ሚራንዳ፣ የደራሲውና የዋናው ተዋናይ፣ ኦልተርኔት ሃቪየር ሙኞዝ ነበር። ሐምሌ 2015 (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፕሬዚዳንት ኦባማ ሊያዩ ሲመጡ መድረኩ ላይ የነበረው ሃሚልተን እሱ ነው። በስኮርታ የአገር መሪ ፊት አይኬድም።

ስዊንግ ከነዚህ ሁሉ ይለያል። በየምሽቱ የሚሠራበት ቦታ የለውም። የሚሸፍነውም አንድ ሰው አይደለም፤ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ነው።

«ስምንት ሚና ማጥናት ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ስዊንግ የሚያጠናው ሚና ሳይሆን ትራክ ነው። ትራክ ማለት አንድ ተዋናይ መጋረጃው ከተከፈተ እስኪዘጋ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው። በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሲወጣ የትኛውን ወንበር ይዞ እንደሚወጣ፣ ሲዘፈን የላይኛውን ነው የታችኛውን ድምፅ የሚይዘው፣ ጨለማው ውስጥ ከማን በስተቀኝ እንደሚያልፍ፣ የት ቆሞ ልብስ እንደሚቀይር። መድረኩ ጫፍ ላይ ተመልካች የማያያቸው ቁጥሮች ተጽፈዋል። መሐሉ ዜሮ ነው፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ 2፣ 4፣ 6 እያለ ይሄዳል። አንዷ ጨፋሪ ከ4 ተነስታ 10 ላይ ትደርሳለች። ጓደኛዋ በዚያው ምት ከ10 ተነስታ ወደ 2 ትመጣለች። ስዊንጓ ሁለቱንም ታውቃለች፤ ዛሬ ግን የምትሆነው አንዷን ነው። ለቅጽበት ከተምታታባት ግንባር ለግንባር ነው።

አብሬያት የሠራሁ አንዲት ስዊንግ ደብተር ነበራት። ለእያንዳንዱ ጭፈራ አንድ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የእርሳስ ቀለም። ገጹን ስታዩት የተፈታ የጥልፍ ክር ይመስላል። እሷ ግን ጣቷን አረንጓዴው ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ትንፋሽ አወጣለሁ፣ እዚህ ጋ ባርኔጣውን አቀብላለሁ» እያለች እንደ ዳዊት ትደግመዋለች።

መኪና ካልቀረልን እንግዲህ ከጎማው ወርደን ወደ ታክሲው እንግባ። ሚኒባስ አስቡ። ሹፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ ተራ አስከባሪ አለ። ስዊንግ ማለት የሦስቱንም ሥራ የሚችል ሰው ነው። ሹፌሩ ከታመመ ይነዳል። ረዳቱ ከቀረ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ፣ መገናኛ!» ይላል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይመልሳል። እሱም የዚህን መስመር ብቻ ሳይሆን የሳሪሱንም የፒያሳውንም ያውቃል። ከቤት ሲወጣ ዛሬ የትኛውን እንደሚሆን አያውቅም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ በራሱ አነዳድ መንዳት አለመቻሉ ነው። ሹፌሩ የሚይዝበት ቦታ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ሹፌሩ በሚዞርበት ፍጥነት ይዞራል። ምክንያቱም ከኋላው፣ ከፊቱና ከጎኑ ሃያ ሚኒባስ በአንድ ሙዚቃ እየሄደ ነው።

አንዳንድ ቀን ሹፌሩም ረዳቱም አብረው ይቀራሉ። ያኔ ስዊንጓ ሁለት ትራክ ቀላቅላ ትሠራለች። የመጀመሪያውን ዘፈን አንዷን ሆና ትጀምራለች፣ ወደ መጨረሻው የሌላዋን ወንበር ይዛ ትወጣለች። ማን ምን እንደሚተው የሚወሰነው ትርኢቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ነው፤ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ የዳንስ ካፕቴኑ ነው። ዳንስ ካፕቴን ማለት ጭፈራው እንደተፈጠረው እንዲቆይ የሚጠብቅ ሰው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱም ስዊንግ ነው። ታክሲው እዚህ ጋ ይበቃዋል፤ ወራጅ አለ።

ተንታኛችን ቀጥሎ ያመጣው የዕድል ተረት ነው። ኮከቧ ትወድቃለች፣ ከኋላ የነበረችው ልጅ ትገባለች፣ በማግስቱ ታዋቂ ትሆናለች። የዚህ ተረት አባት «42ኛ ጎዳና» የተባለው የ1933 ፊልም ነው፤ በ1980 ደግሞ በሙዚቃዊ ቲያትርነት ብሮድዌይ ገባ። የሚገርመው ግን ታሪኩ ውስጥ ያለችው ፔጊ አንደርስተዲ እንኳ አይደለችም። ከአጃቢዎቹ መሐል ተነስታ በሰዓታት ውስጥ ሚናውን የምታጠና ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ከምሠራበት ክፍል ቢደርስ ጫማ እንኳ አናገኝላትም።

«ሸርሊ ማክሌይንስ?» ይለኛል ተንታኙ። እሺ፣ በኋላ የሆሊውድ ኮከብ የሆነችው ሸርሊ ማክሌይን እውነት ናት። በ1954 «ዘ ፓጃማ ጌም» ላይ እየጨፈረች የካሮል ሄኒ አንደርስተዲ ነበረች። ሄኒ ቁርጭምጭሚቷን ተጎዳች፣ ማክሌይን ገባች፣ የሆሊውዱ ፕሮዲውሰር ሃል ዋሊስ አይቷት አስፈረማት። አልክድም። ግን ከሰባ ዓመት በላይ ያለፈውን ያንን ጉዳት ዛሬም የምናነሳው እንዲህ ያለ ነገር ስለማይደጋገም ነው። በሌሎቹ ምሽቶች ስዊንግ ትገባለች፣ ትሠራለች፣ ፊቷን ታጥባለች፣ በባቡር ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የብሮድዌይ ኮከቧን ሰተን ፎስተርንም ለዕድል ምሳሌ አድርጎ ጠቀሳት። እዚህ ላይ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። አዎ፣ በ2000 ካሊፎርኒያ፣ ላ ሆያ ውስጥ «ቶረሊ ሞደርን ሚሊ» ሲዘጋጅ እሷ አንደርስተዲ ነበረች። ዋናዋ ተዋናይ ስትለቅ ሚናው ለእሷ ተሰጠ። በ2002 ብሮድዌይ ላይ ተጫወተችውና በምርጥ ተዋናይትነት የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን፣ ወሰደች። በአንድ ትንፋሽ ሲነገር ሎተሪ ይመስላል። የተዘለለው ግን ምንድን ነው? ልጅቷ በ17 ዓመቷ «ዘ ዊል ሮጀርስ ፎሊስ» ከተባለ ትርኢት ጋር ከከተማ ከተማ መዞር ጀምራለች። «ግሪዝ»፣ «አኒ» እና «ዘ ስካርሌት ፒምፐርኔል» ላይ ብሮድዌይ ሠርታለች። ላ ሆያ ስትደርስ ሙያው ውስጥ ስምንት ዓመት ሆኗታል። በስምንት ዓመት አንድ ሰው ሐኪም ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙን ማንም ዕድለኛ አይለውም።

የታሪኩ ግማሽ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። ታኅሣሥ 2021፤ ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ ከተማውን እያመሰ ነው፤ ትርኢቶች በየቀኑ ይሰረዛሉ። «ዘ ሚዩዚክ ማን» ገና ለተመልካች መታየት መጀመሩ ነው፤ ዋናዎቹ ሂው ጃክማንና ራሷ ሰተን ፎስተር ናቸው። ታኅሣሥ 23 ፎስተር መግባት አልቻለችም። የገባችው ካቲ ቮይትኮ የተባለች ስዊንግ ናት። ትርኢቱ ሲያልቅ ጃክማን ተመልካቹን አስቁሞ ነገሩን ተረከው። ካቲ ሥራ ስትመጣ ከስምንት ሚናዎች የትኛውንም ልትጫወት ትችል ነበር፤ ዋናውን እንደምትጫወት የተነገራት ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው፤ 7 ሰዓት ላይ በዚያ ሚና የመጀመሪያ ልምምዷን አደረገች፤ ማታውኑ ተጫወተችው። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ።

ብዙ ሰው ያንን አይቶ «ተአምር ነው» አለ። እኔ ግን ተአምር የሚለው ቃል አይጥመኝም። ተአምር ስትሉት ሥራውን ትነጥቋታላችሁ። ለስምንት ሰው የሚሆን ነገር አስቀድማ ጭንቅላቷ ውስጥ ባታስገባ 7 ሰዓት ላይ ምን ልትለማመድ ነበር? የሚያሳዝነው፣ በዚያው ሰሞን የብሮድዌይ ፕሮዲውሰሮች ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ አዳዲስ ትርኢቶች የሚሰረዙት ተተኪዎቹ ሚናውን የዋናዎቹን ያህል ስለማይችሉት ነው የሚል ነገር ተናግረው ነበር። ተዋንያኑ ተቆጡ፤ ሴትዮዋም ይቅርታ ጠየቁ። ስለዚህ ስኮርታ የምትለው አባባል የኛ ሰው ብቻ ችግር አይደለችም።

ለነገሩ ስዊንግ ሁሉ ደስተኛ ነው እያልኩ አይደለም። የራሱን ሚና የሚፈልግ፣ የደከመው፣ ያኮረፈ አለ። በቶኒ ሽልማትም ለስዊንግ የሚሆን ዘርፍ የለም። ሌላው ደግሞ ይህ ሁሉ ወሬ የብሮድዌይና የትልልቅ ተጓዥ ትርኢቶች ነው። ትንንሽ ቲያትር ቤቶች ብዙ ጊዜ ተተኪ አይቀጥሩም፤ ተዋናዩ ከታመመ ትርኢቱ ይሰረዛል፣ ወይም አንዱ ጽሑፉን በእጁ ይዞ ይገባል።

የልብሱን ነገር ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ተተካ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ንግግሩንና ዜማውን ነው። ልብሱስ? የአንዷ ወገብ ከሌላዋ ይሰፋል። ጫማ ደግሞ በፍጹም አይዋስም፤ በሰው ጫማ የሚጨፍር ሰው መጨረሻው ሆስፒታል ነው። ለዚህ ነው ስዊንግ በሸፈነችው ሰው ልክ ልብስ የሚበዛባት። ፈጣን የልብስ ለውጥ ደግሞ ራሱ ጭፈራ ነው። ጨለማ ውስጥ እኔ ተንበርክኬ ጫማ አወልቃለሁ፣ እሷ እጇን ታነሳለች፣ ባልደረባዬ ከኋላ ዚፑን ይዘጋል፣ ዊጉ ውስጥ የተደበቀው ማይክ ሽቦ እንዳይያዝ አንድ እጅ አንገቷ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስዊንግ ይህንንም ስምንት ጊዜ ነው የምታጠናው፤ የእያንዳንዱ ትራክ ቀኝ እግርና ግራ እግር ቅደም ተከተል ይለያያላ!

የዚያችን የባለ ደብተሯን ልጅ አንድ ምሽት ላውራችሁ። ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ከጨፋሪዎቹ የአንዷ ባት ተያዘ። ያኔ ተመልካች ፕሮግራሙ ውስጥ የምትገባውን «በዛሬው ትርኢት እገሌን ተክታ…» የምትል ብጣሽ ወረቀት እንኳ አያገኝም። ልጅቷ የልብስ ክፍላችን ወለል ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ስሟ ተጠራ። ብርቱካኑን እጄ ላይ አስቀመጠችና ተነሳች። እያለበስናት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ቢጫዋን ነው ሰማያዊዋን?» ቢጫዋን አልናት። ወገቡ ላይ ሦስት መርፌ ቁልፍ ወጋሁና ለቀቅኳት። ከጎን ሆኜ ሳያት ከ4 ተነስታ 10 ላይ ደረሰች፤ ባርኔጣውን አቀበለች። ከፊት ወንበር የነበሩት ሰው ስለመቀየሩ እንኳ አላወቁም።

ስትመለስ ላቧ ይንጠባጠባል። «ብርቱካኔስ?» አለችኝ። በማግስቱ የቀን ትርኢት ላይ ሰማያዊዋን ሆነች።