የመኖሪያ አድራሻ ምንድን ነው? መታወቂያው ጉለሌ፣ አልጋው ቱሉ ዲምቱ ለሆነ ሰው

የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ስም መሙላት ቀላል ነው። ስልክም ቀላል ነው። «የመኖሪያ አድራሻ» የሚለው ጋ ሲደረስ ግን እስክሪብቶ ይቆማል። የኔ መታወቂያ ጉለሌ ይላል፣ የወላጆቼ ቤት ሽሮ ሜዳ ነዋ። የማድረው ከተማው ዳር ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ። ሥራ ፍለጋ ስጀምር ደግሞ አክስቴ «የኔን ቤት ጻፍ፣ ሃያ ሁለት በል፤ ቱሉ ዲምቱ ያለን ሰው ማን ይቀጥራል?» አለችኝ።

ጻፍኩ። ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። «ሰፈርዎ ቅርብ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለኢንተርቪው ቢመጡልን» አለችኝ ልጅቷ በትህትና። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ከዚያማ የታክሲ ሰልፍ፣ ቃሊቲ ላይ መውረድ፣ እንደገና ሰልፍ። ስደርስ የሚጠይቀኝ ሰውዬ ወጥቷል፣ ልጅቷም «ከሃያ ሁለት ነው የመጡት?» ብላ አየችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

እና የቱ ነው አድራሻ? የመኖሪያ አድራሻ ማለት በአዘቦቱ ቀን የምትኖሩበት ቦታ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሰው መኖሪያ ዘወትር የሚኖርበት ስፍራ ነው የሚለው፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ መኖሪያ ሊኖረው እንደሚችልም ይቀበላል። ስለዚህ ሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ቦታ፣ ቅዳሜና እሁድ ወላጆቻችሁ ጋ ብትሆኑ ማጭበርበር አይደለም። ለበዓል ብቻ የምትሄዱበትን የአክስት ቤት መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ግራ የሚያጋባን መታወቂያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌ በወረዳ ከተተካ ስንት ዓመቱ፣ እኛ ግን ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» ነው የምንለው። እዚያ ላይ ያለው አድራሻ የሚናገረው የየትኛው ወረዳ መዝገብ ላይ እንዳላችሁ እንጂ ትናንት ማታ የት እንዳደራችሁ አይደለም። ለመቀየር ከድሮው ወረዳ መሸኛ ማውጣት አለ። አዲሱ ወረዳ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ይፈልጋል፣ አከራዩ ደግሞ «በኔ ቤት መታወቂያ አይወጣም» ይላል፣ ተከራይ ደግሞ በዚህ ተጣልቶ ቤት መልቀቅ አይፈልግም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማው ዳር ያለው ሕዝብ ግማሽ ልቡ የድሮ ወረዳው ላይ ተመዝግቦ ይኖራል። አሁን ትንሽ የሚረዳ ነገር አለ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የተመዘገበ ውል በእጁ ያለ ሰው ቢያንስ የት እንደሚኖር የሚያሳይ ወረቀት አለው።

ደግሞ ሳትንቀሳቀሱም አድራሻችሁ ሊቀየር ይችላል። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ሲመሠረት ስንቱ ሰው እዚያው ቤቱ ቁጭ ብሎ ክፍለ ከተማ ለወጠ። መታወቂያችሁ ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ ቅጹ ላይ የዛሬውን ጻፉ፤ ከተጠየቃችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስረዳላችሁ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ «አዲስ አበባ፣ ለገጣፎ» ብላችሁ አትጻፉ። ለታክሲ ረዳት ይሠራል፣ ለቅጽ ግን አይሠራም። ከ2015 ጀምሮ እነዚህ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ክልሉም ኦሮሚያ ነው። ማስታወቂያው የአዲስ አበባ ነዋሪነት የሚጠይቅ ከሆነ ልዩነቱ ያኔ ይመጣል።

ሌላው ነገር፣ ቀጣሪው አድራሻ የሚጠይቃችሁ ደብዳቤ በር ድረስ ሊልክላችሁ አይደለም። የኛ አገር ፖስታ በሳጥን ቁጥር ነው፣ ቀጣሪ ደግሞ ይደውላል። ሲቪ ላይ ማየት የሚፈልገው በሰዓቱ ትገባላችሁ ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ ሲቪ ላይ «አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክ/ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ» ከስልክ ጋር በቂ ነው። ብሎክና የቤት ቁጥር እዚያ ላይ ምን ይሠራል? ሲቪ ፎቶ ኮፒ ቤት ይቀራል፣ በቴሌግራም ይዞራል፣ ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ራሱ ማን እንደሆነ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። በተለይ ብቻችሁን የምትኖሩ ሴቶች፣ የቤት ቁጥራችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

ሙሉው አድራሻ የሚመጣው ስትቀጠሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በጽሑፍ የሚደረግ የሥራ ውል ላይ የሠራተኛው አድራሻ እንዲኖር ይጠይቃል። እዚያ ላይ የምትኖሩበትን በትክክል ስጡ፤ መታወቂያችሁ የተለየ ከሆነ «በመታወቂያ ላይ ያለው ጉለሌ፣ አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ» ብላችሁ ሁለቱንም አስመዝግቡ። የሰው ኃይል ክፍሎች ይህን በየቀኑ ያያሉ፣ አይገርማቸውም። የሚገርማቸው የመታወቂያው ኮፒና ቅጹ ሳይመሳሰል ሲቀርና እናንተ ስትንተባተቡ ነው። የሥራ አጥ ካርድ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ካርዱን የሚሰጠው ወረዳው ስለሆነ የሚያየው ራሱ የሰጠውን መታወቂያ ነው።

«ሩቅ ነው ብለው ቢጥሉኝስ?» የሚጥል አለ፣ አልዋሽም። ግን አድራሻ ተደብቆ የተገኘ ሥራ ላይ ሰርቪስ የሚባል ነገር አለ። ድርጅቱ የሰርቪሱን መስመር የሚያወጣው በሰጣችሁት አድራሻ ነው፣ ሃያ ሁለት ካላችሁ ሃያ ሁለት ላይ ይጠብቃችኋል። ጠዋት 2 ሰዓት ለመግባት እናንተ ገና ሳይነጋ ታክሲ ተሰልፋችሁ ሃያ ሁለት ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ሰርቪስ ትሳፈራላችሁ። ይልቅ ማመልከቻው ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት ለመግባት ችግር የለብኝም» ብላችሁ ጨምሩ፤ ከተቀጠራችሁ ቤት ቀይራችሁ ለመቅረብ ካሰባችሁም እሱን ጻፉ።

«ልዩ ቦታ» የምትለዋን መስመርም አትናቋት፣ የቤት ቁጥር በማይለጠፍበት ሰፈር ሰው የሚያገኛችሁ በእሷ ነው። ብቻ ቶሎ የማይጠፋ ምልክት ምረጡ። እኔ አንዴ «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ብዬ ሞልቻለሁ፤ ዳቦ ቤቱ አሁን ሞባይል መጠገኛ ሆኗል።