የጎልፍ ሃንዲካፕ ምንድን ነው? ብቻ «አማካይ ውጤት» እንዳትሉኝ

አሁንስ በዛ። የውድድር ወቅት በቀረበ ቁጥር ያው አባባል ይመጣል፦ «ሃንዲካፔ 15 ነው። ፓር 72 ሜዳ ላይ 87 እመታለሁ ማለት ነው።» ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱን ውድድሮች ዝርዝር ፊቱ ዘርግቶ ዒላማ የሚያስቀምጥ አማተር ነው። እሱስ ይሁን፤ የነገሩትን ነው የሚደግመው። የሚያበግነኝ ነጋሪው ነው። በቀደም አንድ ተንታኝ ነኝ ባይ «ሃንዲካፕ ማለት ተጫዋቹ በአማካይ ከፓር በላይ የሚመታው የምት ብዛት ነው» እያለ ዘና ብሎ ያስረዳ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስህተት ማስገባት ራሱ ችሎታ ነው። የሁሉም ዙሮች አማካይ አይደለም። መነሻው ፓር አይደለም። የሚያሳየውም ሰውዬው ዘወትር የሚመታውን ሳይሆን ሲሳካለት የሚመታውን ነው።

ፓር ምን እንደሆነና ምት እንዴት እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ሃንዲካፕ ራሱ የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ደካማው ከጠንካራው ጋር እኩል እንዲወዳደር የሚሰጠው ምት የሚወጣው ከሱ ነው።

ከጃንዋሪ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጎልፍ ዓለም የሚሠራው በአንድ የሃንዲካፕ ሥርዓት ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓይነት ሥርዓት ነበር። አንድ ቦታ 12 የነበረ ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችል ነበር። የጎልፍ ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ ድርጅቶች፣ ዩኤስጂኤ እና አር ኤንድ ኤ፣ ተባብረው አንድ አደረጉት። ዋናው ስሌት ቀላል ነው። ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱ ይወሰዳሉ፣ የነሱ አማካይ ይወጣል። አለቀ። የቀሩት 12 ዙሮች መዝገብ ላይ አሉ፤ ቁጥሩ ውስጥ ግን የሉም።

እስቲ በተማሪ እንየው። አንድ ልጅ 20 ፈተና ወሰደ። ትምህርት ቤቱ 12ቱን ደካማ ውጤቶች ትቶ የ8ቱን አማካይ ብቻ ካርዱ ላይ ጻፈለት። ካርዱ 85 ይላል። ይህ ልጅ ነገ ለሚወስደው ፈተና «85 ያመጣል» ብላችሁ ትወራረዳላችሁ? እኔ አልወራረድም። 85 የደህና ቀኖቹ ቁጥር ነው። ነገ ደህና ቀኑ ይሁን አይሁን ካርዱ አይነግረኝም።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ፈተናዎቹን ያወጣው አንድ መምህር አይደለም። አንዱ ክፉ ፈተና ያወጣል፣ አንዱ ለጋስ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ካርዱ ላይ ከመስፈሩ በፊት በፈተናው ክብደት ይስተካከላል። በጎልፍ ይህን የሚሠሩት ኮርስ ሬቲንግና ስሎፕ የሚባሉ ሁለት የሜዳ መለኪያዎች ናቸው፤ ምንነታቸው ወደ ታች ይመጣል። በአንድ ቀን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ «የዛሬው ለሁሉም ከብዷል» ተብሎ ሌላ ማስተካከያ ይደረጋል። በጎልፍም እንዲሁ ነው፤ ነፋስ ወይም ዝናብ ሜዳውን ያከበደ ቀን ሥርዓቱ የሁሉንም ውጤት አይቶ ሲያሰላ ከምቱ እስከ 3 ይቀንሳል፤ ሜዳው የቀለለ ቀን ደግሞ 1 ይጨምራል። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፦ ፈተና ከ0 በታች አይወርድም። መጥፎ የጎልፍ ዙር ግን ወለል የለውም። 15 የሆነ ሰው በዓመቱ ምርጥ ቀን ከቁጥሩ 3 ወይም 4 ምት ይሻላል። በመጥፎ ቀኑ 10 ምት ይበላሻል። ጥሩው ጠባብ ነው፣ መጥፎው ሰፊ ነው። የሁሉም ዙሮች አማካይ ከሃንዲካፑ ርቆ የሚገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቁጥር እንነካካ። ለእያንዳንዱ ዙር ዲፈረንሻል የሚባል ቁጥር ይወጣለታል። ከጠቅላላ ምቱ ላይ የሜዳው ኮርስ ሬቲንግ ይቀነሳል። የቀረው በ113 (በመደበኛው ስሎፕ) ተባዝቶ በሜዳው ስሎፕ ይካፈላል። ፓር የሚባል ነገር እንደሌለበት ልብ በሉ። ኮርስ ሬቲንግ ማለት ስክራች የሚባለው፣ ሃንዲካፑ 0 የሆነ ተጫዋች፣ ከዚያ ቲ (የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት ቦታ) ተነስቶ በደህና ቀኑ ይመታዋል ተብሎ የሚገመተው ነው። ፓሩ 72 ሆኖ ሬቲንጉ 69 የሆነ ሜዳ አለ፤ 75 የሆነም አለ። ሁለቱም ላይ «ከፓር 15 በላይ» ብሎ ማውራት ውሃ አያነሳም።

እንግዲህ የሰውዬአችን ምርጥ 8 ዲፈረንሻሎች እነዚህ ናቸው እንበል፦ 12.1፣ 13.4፣ 14.3፣ 14.9፣ 15.4፣ 16.1፣ 16.7፣ 17.1። ደምሩና ለ8 አካፍሉ። ልክ 15.0 ይመጣል። ያልተቆጠሩት 12ቱ ደግሞ ከ17.4 ተነስተው እስከ 25.2 ይደርሳሉ። አሁን ቆም ብላችሁ ቁጠሩ። ከ20ው ዙር ውስጥ 15.0 ወይም ከዚያ የተሻለ የመታው ስንቴ ነው? አራት ጊዜ። 12.1፣ 13.4፣ 14.3 እና 14.9። ከአምስት አንድ ማለት ነው። ይህ የእኔ ሰውዬ ዕድል አይደለም፤ ከስሌቱ ራሱ የሚወጣ ነው። የ8 ቁጥሮች አማካይ በግምት መሃላቸው ላይ ይወድቃል፣ ግማሾቹ ከሱ ይሻላሉ፣ ግማሾቹ ይብሳሉ። የ20ው ሁሉ አማካይ ቢወጣ ደግሞ ወደ 18 አካባቢ ይሆናል። ሦስት ምት ያህል ይርቃል።

ወደ ሜዳ ሲወርድ ምን ይመስላል? ሬቲንጉ 71.2፣ ስሎፑ 128፣ ፓሩ 72 የሆነ ሜዳ እንውሰድ። ኢንዴክሱ፣ ማለትም ያ የ8ቱ አማካይ፣ 15.0 የሆነ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ የኮርስ ሃንዲካፑ፣ ማለትም በሜዳው ስሎፕ፣ ሬቲንግና ፓር ተስተካክሎ የሚሰጠው ምት፣ 16 ነው። ቁጥሩን መታው የሚባለው 88 ሲመታ ነው። በአማካይ የሚመታው ግን 91 ወይም 92 ነው። 97 ይዞ የሚመለስበትም ቀን አለ፤ ያን ቀን ጨዋታው አልጠፋበትም፣ መጥፎ ዙር ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ አማተር በዓመቱ 10 ውድድር ሊገባ ካሰበ ቁጥሩን የሚመታው ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነለት ዓመቱ ሰምሮለታል። ሁለት ቀን የሚፈጅ ውድድር ላይ በሁለቱም ቀን ቁጥሩን የመምታት ዕድሉ ደግሞ አንድ አምስተኛ በአንድ አምስተኛ ተባዝቶ ከ25 አንድ ይሆናል። (እዚህ ላይ ሙያዬ አስገድዶኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ ስሌት ሁለቱ ቀኖች አይገናኙም ብሎ ያስባል። እውነቱ ይገናኛሉ። ቅዳሜ ስዊንጉ የተበላሸበት ሰው እሑድ ጠዋት ተአምር አያየውም። ስለዚህ ከ25 አንድን ግምት በሉት።)

ይህ ሁሉ ደግሞ በወዳጅነት ጨዋታና በውድድር መሃል ልዩነት የለም ብለን ነው። አለ እንጂ። ትልቁ ልዩነት ብዙ ሰው የማያየው ነው። ሃንዲካፕ ሲሰላ በአንድ ቀዳዳ ላይ የሚቆጠረው ምት ጣሪያ አለው። ጣሪያው ፓር ሲደመር ሁለት ሲደመር በዚያ ቀዳዳ ላይ የሚያገኘው ምት ነው (የኮርስ ሃንዲካፑ ምቶች ለየቀዳዳው ይከፋፈላሉ)። ሰውዬአችን ፓር 4 በሆነና አንድ ምት በሚያገኝበት ቀዳዳ ላይ ኳሱ ሁለቴ ከወሰን ወጣበት እንበል። በምት በሚቆጠር ውድድር ተመልሶ ይመታል፣ እንደገና ይመታል፣ የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር ፐት (ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ቀዳዳው የሚገፋ ምት) እንኳ ማንም «ተዋት» አይለውም፣ በመጨረሻ 10 ይጽፋል። ውጤት ሰሌዳው ላይ 10 ነው። ሃንዲካፑ ሲሰላ ግን 7 ነው የሚገባለት፤ 4 ሲደመር 2 ሲደመር 1። ሦስት ምት ሰሌዳው ላይ ያለ፣ ካርዱ ውስጥ የሌለ። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ በዙር አንዴ ብቻ ቢያጋጥመው እንኳ 88 ብሎ ያቀደው ነገር ጉድ ሆነ ማለት ነው።

ኳሷ ቀዳዳው አጠገብ ስትቆም እያነሳ «ገብታለች» እያለ የሚመዘግበውን ሰውማ ተዉት። ቁጥሩ ያምራል። ውድድር ላይ ሲደርስ ግን ያቺን ፐት መጨረስ ግዴታ ነው፣ አንዳንዴም ትስታለች።

በየቀዳዳው ነጥብ የሚሰጥበት ስቴብልፎርድ የሚባለው ውድድር ላይ ደግሞ ሌላ ተረት አለ። «36 ነጥብ ማለት ቁጥርህን መታህ ማለት ነው» ይባላል። በግል ስቴብልፎርድ ሥርዓቱ የሚመክረው የኮርስ ሃንዲካፑ 95 በመቶ እንዲሰጥ ነው። ሰውዬአችን በ16 ሳይሆን በ15 ይጫወታል። 36 ነጥብ ለማግኘት 87 መምታት አለበት ማለት ነው፤ ቁጥሩን ለመምታት ከሚያስፈልገው 88 አንድ ምት የተሻለ። 32 ነጥብ አምጥቶ ተክዞ የሚቀመጥ አማተር ሳይ ታዲያ አዝናለሁ። ያ እኮ የዘወትር ውጤቱ ነው።

ወደ ተንታኙ ልመለስ፤ አልጨረስኩትም። ይኸው ሰው አንድ ተጫዋች ከሃንዲካፑ 5 ምት አሻሽሎ ሲያሸንፍ «ሸውዷል፣ ቁጥሩን አሳብጦ ነው የገባው» ይላል። ሃንዲካፕ አማካይ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ ማለቱ ራሱ ያስቃል፤ አማካይ ቢሆን ኖሮ ከቁጥር በታች መምታት ተራ ነገር ይሆን ነበር። እስቲ 100 ሰው የገባበት ውድድር አስቡ። ከአምስት አንዱ፣ ማለትም 20 ያህሉ፣ ቁጥራቸውን ይመታሉ ወይም ያሻሽላሉ። አሸናፊው ከነዚያ 20ዎቹ ውስጥ የሁሉም ቁንጮ ነው። የዓመቱ ምርጥ ቀኑ ከውድድሩ ቀን ጋር የገጠመለት ሰው ነው። የአሸናፊ ውጤት ሁልጊዜ የማይታመን መምሰሉ ከዚህ ነው።

አጭበርባሪ የለም አላልኩም። አለ። የሚታወቀው ግን በአንድ ድል አይደለም። ሽልማት ያለበት ቀን ብቻ እየተነሳ ሌላ ጊዜ የሚተኛ ከሆነ ነው። ሥርዓቱም ዝም ብሎ አያይም። የአንድ ዙር ዲፈረንሻል ከኢንዴክሱ በ7.0 ወይም ከዚያ በላይ ከተሻለ ኢንዴክሱ ላይ 1 ይቀነሳል፤ በ10.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 2። ወደ ላይ ሲሄድም ልጓም አለው። ባለፉት 365 ቀናት ከነበረው ዝቅተኛ ኢንዴክስ በ3.0 ካለፈ በኋላ ያለው ጭማሪ በግማሽ ይቆረጣል፣ በምንም መንገድ ደግሞ ከ5.0 በላይ አይሄድም። የሃንዲካፕ ኮሚቴም ካላመነበት ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን አለው።

ስሎፕንም ሳልነካ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ስሎፑ 140 ነው፣ ከባድ ሜዳ ነው» ይባላል። አይደለም። ስሎፕ ከ55 እስከ 155 ይደርሳል፣ መደበኛው 113 ነው። የሚነግረን ሜዳው ለደካማው ተጫዋች ከስክራቹ ይልቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ለስክራቹ የሚከብደውን የሚናገረው ኮርስ ሬቲንጉ ነው። ሜዳ ለሁሉም እኩል ከባድ ሆኖ ስሎፑ መካከለኛ ሊሆን ይችላል። የዓመቱን ውድድሮች የሚመርጥ አማተር ሁለቱንም ቁጥር ይይ። ስሎፑ ከፍ ባለበት ሜዳ የሚሰጠው ምት ይበዛለታል፤ ግን ምቱን የሚበላበት ውሃና ጫካም እዚያው ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለአዲሶች። እስካሁን ያልኩት 20 ዙር ለሞላው ሰው ነው። ኢንዴክስ ለማውጣት 54 ቀዳዳ፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙር፣ ይበቃል። ሦስት ብቻ ሲኖር የሦስቱ ምርጥ ይወሰድና ከሱ ላይ ደግሞ 2.0 ይቀነሳል። አራት ከሆኑ ከምርጡ 1.0 ይቀነሳል። አምስት ላይ ምርጡ እንዳለ ይወሰዳል። ሦስት ዙር አስመዝግቦ ውድድር የሚገባ ሰው እንግዲህ አንድ ቀን እንኳ መትቶት የማያውቀውን ቁጥር ይዞ ነው የሚገባው። ይህ ሰው ለዘንድሮ ዒላማ መጻፉን ይተወውና የመጀመሪያዎቹን ውድድሮች መዝገቡን መሙያ ያድርጋቸው።