አዲስ የርቢ በግ ከመንጋ ማላመድ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ የበግ መንጋ ሲባል ባመዛኙ ዋሸራ ነው። የዳንግላ በግም ይባላል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊም ይረባል። ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ አጭር፣ መልኩ ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ቡናማ ነው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም።

አዲስ አውራ የሚያስፈልገው በከፊል በበዓል ገበያ የተነሳ ነው። ቶሎ የደረሰው ወንድ ጠቦት ለፋሲካ ይሸጣል። ቀጫጫው እቤት ይቀርና አውራ ይሆናል። ቆይቶም የገዛ ልጆቹን ይሰርራል። ስለዚህ ደም የሚለውጥ በግ ከሌላ መንደር ይመጣል።

ጣጣው የሚጀምረው የገባ ቀን ማታ ነው። በገመድ ተጎትቶ ሲጓዝ የዋለ በግ በቀጥታ ጋጣ ውስጥ ይለቀቃል። ጋጣው ጠባብ ነው፤ ብዙ ቤት ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ ነው። እንግዳው መሸሻ የለውም፤ ነባሮቹ ጥግ አስይዘው ይገጩታል። ደስታ መሰል በሽታ (በግና ፍየል የሚፈጅ ተላላፊ በሽታ)፣ ፈንጣጣ ወይም እከክ ይዞ ከመጣም ለማዛመት ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ለብቻ ማቆየት ይሻላል። ክትባቱና የትል መድኃኒቱ በዚህ ጊዜ ያልቃል። ለብቻ ሲባል ግን ጓሮ ጥግ አስሮ መርሳት አይደለም። በግን ብቸኝነት ክፉኛ ይጎዳዋል፤ ሲጮህ ያድራል፣ መኖም ይተዋል። ከአንድ ቤት ሁለት መግዛት የተቻለ እንደሆነ ግማሹ ጭንቀት ቀለለ። ካልተቻለም መንጋውን እያየ፣ ድምፁን እየሰማ፣ ሳይነካካ የሚቆይበት ቦታ ይፈለግለት።

የመጀመሪያው ቀን ውኃና ድርቆሽ ይበቃዋል። አተላና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚተርፈው) ባንዴ አይሰጥም፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሻጩን «ምን ታበላው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ዋጋ ስንከራከር ግን ይረሳል።

ማቀላቀሉ ጠዋት፣ ሜዳ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። አፋቸው ሣር ላይ ስለሆነ ለጠብ ጊዜ የላቸውም፤ ቦታውም ሰፊ ነው። እርጉዞቹ ሊወልዱ አንድ ወር ከቀራቸው ግን ግርግሩ ይቆይ። ነባር አውራ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት አውራዎች ሜዳ ላይ ከተገናኙ ወደኋላ አፈግፍገው፣ ተንደርድረው ይጋጫሉ፤ ቀንድ ባይኖራቸውም አንገት ይሰበራል። እነሱን በተቃራኒው መንደርደሪያ በማይሰጥ ጠባብ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ዘግቶ ማላመድ ነው። እረኛው ዓይኑን ከእንግዳው ባይነቅል መልካም ነው። ዳር ዳር ማለቱን ትቶ ከነባሮቹ መሀል ተኝቶ ሲያመሰኳ ከታየ ለምዷል።