ዳይናሚካዊ የአእምሮ እይታ ምንድን ነው?

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለቱን አመልካች ጣቶቻችሁን ዘርጉና እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ አንድ ላይ ወደ ግራ፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ አወዛውዟቸው። ፍጥነት ጨምሩ። የሆነ ቦታ ላይ ጣቶቹ ሳታዟቸው ስልት ይቀይራሉ፤ አብረው ይቀራረባሉ፣ አብረው ይራራቃሉ። ከዚህኛው ስልት ብትጀምሩ ግን ብትፈጥኑም ወደ መጀመሪያው አይዞሩም። ሃከን፣ ኬልሶና ቡንዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን በቀመር አስቀመጡት። ቀመሩ ውስጥ «አሁን ቀይር» የሚል ትእዛዝ የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የለመድነው እይታ አእምሮን እንደ ኮምፒውተር ያያል፦ መረጃ ይገባል፣ በምልክት ይቀመጣል፣ በሕግ ይሰላል፣ ውሳኔ ይወጣል። ዳይናሚካዊው እይታ ግን አእምሮ በጊዜ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚለዋወጥ ሁኔታ ነው፣ አካልና አካባቢም የዚያው ለውጥ ክፍል ናቸው ይላል።

ፈላስፋው ቲም ቫን ገልደር በ1995 ያነሳው ምሳሌ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር መቆጣጠሪያ ነበር። ሁለት የብረት ኳሶች ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ላይ ይከፈታሉ፣ እንፋሎት የሚያስገባውም በር ይጠባል፤ ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዳሉ፣ በሩ ይሰፋል። ፍጥነቱን ለክቶ፣ አስልቶ፣ ከዚያ የሚወስን ማንም የለም። ሁሉም ነገር ሁሉንም በአንዴ ይገፋል። (ተቺዎች «የኳሶቹ ከፍታ ራሱ ፍጥነቱን ይወክላል እኮ!» ብለዋል፤ እውነት ለመናገር ቀላል ትችት አይደለም።)

ቋንቋስ? የቋንቋና የአእምሮ ተመራማሪው ጄፍሪ ኤልማን ቃልን ከመጋዘን እንደሚወጣ ዕቃ አላየውም፤ የአድማጩን ሁኔታ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚገፋ ነገር ነው ለሱ። ተመራማሪው ስፓይቪና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ሙከራ ደግሞ ሰዎች አንድ ቃል ሰምተው ሥዕሉን በኮምፒውተር ማውስ እንዲመርጡ ተደረገ። አጠገቡ ያለው ሥዕል ስም አጀማመሩ ከተሰማው ቃል ጋር ሲመሳሰል፣ እጃቸው ትክክለኛውን ቢመርጥም መንገዱ ላይ ወደተሳሳተው ጠመም ይላል። ውሳኔው እጅ ከተነሳ በኋላም ገና እየተሠራ ነበር ማለት ነው።

የሚከብደው ፊት ለፊታችን ስለሌለ ነገር ማሰብ ነው። ጣቶቹና ኳሶቹ አሁን ከሚነካቸው ነገር ጋር ነው የሚሠሩት። የዛሬ ዓመት ስለምሄድበት ጉዞ ሳስብ ግን ጉዞው አይነካኝም፣ አይገፋኝም፤ የሆነ ነገር ውስጤ ሆኖ እሱን መወከል ያለበት ይመስላል፣ አእምሮ በምልክት ነው የሚሠራው የሚሉትም እዚህ ጋ ነው እጃቸውን የሚያወጡት።