ሲኤ 19-9፦ የቆሽት ካንሰር የደም ምርመራ ውጤት ምን ይነግረናል?

ከቆሽት ካንሰር ጋር ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው የደም ምርመራ ሲኤ 19-9 ሲሆን፣ ውጤቱ «ከመደበኛው በላይ» ተብሎ ሲመጣ ብዙዎች ካንሰር እንደተገኘባቸው አድርገው ይወስዱታል። ይህ ትክክል አይደለም። በተለምዶ የመደበኛው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 37 ዩኒት ነው፤ ሆኖም ምርመራው የሚለካውን ንጥረ ነገር ጤነኛ የቆሽትና የሐሞት ቱቦ ሕዋሳትም ስለሚያመነጩት፣ ጠጠር የሐሞት ቱቦን ሲዘጋ ወይም ቆሽት ሲቆጣ ቁጥሩ ካንሰር ሳይኖርም በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል። በመሆኑም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ቱቦው ተከፍቶ ቢሊሩቢኑ (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ከወረደ በኋላ እንደገና ቢለካ ይሻላል።

ዝቅተኛ ቁጥርም ቢሆን ነጻ አያወጣም። ሉዊስ የሚባለው አንቲጅን (በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኝ መለያ ንጥረ ነገር) በተፈጥሮ የሌላቸው ሰዎች፣ ዕጢው ቢያድግም እንኳ ሲኤ 19-9ን የሚያመነጩት እጅግ በጥቂቱ ነው። ምንም ምልክት የሌለበትን ሰው በዚህ ምርመራ ብቻ መመርመር የማይመከረውም ለዚህ ነው።

የምርመራው እውነተኛ ጥቅም በክትትል ላይ ነው፦ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከኬሞቴራፒ በፊት የተለካው መነሻ ቁጥር በኋላ ከሚለካው ጋር ሲነጻጸር፣ ሕክምናው መሥራቱን ወይም በሽታው መመለሱን ይጠቁማል፤ ማረጋገጫው ግን ሲቲ ስካን ነው።

መድኃኒት ለመምረጥ የሚያገለግለው ጠቋሚ ደግሞ ሌላ ነው። በውርስ የመጣ የብራካ (BRCA፣ የተጎዳ ዲኤንኤን ለመጠገን የሚረዳ) ዘረመል ለውጥ ያለባቸው ሕሙማን ፕላቲነም ባለባቸው መድኃኒቶች የተሻለ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ በሽታው ከተሠራጨ በኋላ በእነዚህ መድኃኒቶች ለተገታላቸውም ኦላፓሪብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል። ስለዚህ በሽታው የተረጋገጠበት ሰው የዘረመል ምርመራውን ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል።