የሄሪኬንን ስም ማን ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሄሪኬንን (ባሕር ላይ የሚነሳውን ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ስም ግን የሚያወጣው ኮሚቴ ነው። ያውም ነፋሱ ሳይፈጠር፣ ከዓመታት በፊት።

ስም ያስፈለገው ለሬዲዮ ነው። ሁለት አውሎ ነፋስ ባንድ ጊዜ ባሕር ላይ ሲዞር፣ የትኛው ወዴት እንደሄደ በቁጥር ብቻ መናገር ያምታታል።

በአትላንቲክ በኩል ስድስት የስም ዝርዝሮች አሉ። በየዓመቱ ባንዱ ይሠራሉ፤ በሰባተኛው ዓመት የመጀመሪያው ይመለሳል። እያንዳንዱ 21 ስም አለው፤ አንድ የሴት፣ አንድ የወንድ እያለ በፊደል ተራ ይሄዳል። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ባለተራው ስም ይሰጠዋል። ሄሪኬን ለመባል ግን 119 መግባት አለበት። ስሙን የሚያገኘው እንግዲህ በጨቅላነቱ ነው ማለት ነው።

ወንዶቹ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ዘግይተው ነው። አሜሪካኖች ከ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ የሴት ስም ብቻ ነበር የሚሰጡት። ጥፋት ሁሉ በሴት ስም መጠራቱ ያንገበገባቸው ሴቶች ብዙ ከተሟገቱ በኋላ፣ በ1979 የአትላንቲኩ ተቀየረ።

ብዙ ሰው የፈጀ ስም ዳግም አይጠራም። የ2005ቷ ካትሪና ተሰርዛ ካቲያ ተተክታለች።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ይኸው ነፋስ ሳይክሎን ይባላል። ለሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከታይላንድ እስከ የመን 13 አገሮች ስም ያዋጣሉ። በ2020 እያንዳንዳቸው 13 ሰጥተው 169 ሞላ። እዚህ ስም አይደገምም፤ አንዴ ከተጠራ አበቃ። ሶማሊያ ከአዋጪዎቹ ውስጥ የለችም። በ2020 የመታት ጋቲ ስሙ የሕንድ ነው፣ “ፍጥነት” ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ የ2018ቱ ሉባን ነው። ስሙን የሰጠችው ኦማን ናት፤ እጣን ማለት ነው። ቤታችን የምናጨሰው ሉባንጃም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። ሉባንና ከወራት በፊት የቀደመው መኩኑ (ማልዲቭስ ያወጣችው የዓሣ ስም) የዓረቢያን በረሃ በዝናብ አራሱት። በረሃው ለመለመ፣ አንበጣ ተራባ። በ2019 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ አገራችን የገባው፣ ማሽላና ጤፉን የጨረሰው መንጋ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ከዚያ ዝናብ ይደርሳል።